ሽቦው ደህና ነው

ኤሉል 4፣ ሐሙስ

ተቆርጧል። ከጥድ ጎዳና በስተጀርባ፣ በ88ኛውና በ89ኛው ምሰሶ መካከል። ንፋስ አይደለም። ንፋስ ሽቦ ይበጥሳል እንጂ በፒንሳ ሦስት ጊዜ አያኝክም። ሃያ ስድስት ዓመት የመብራት መስመር ስዘረጋ ኖሬ አሁን ለከተማው ምክር ቤት የሰንበቱን ሽቦ የምፈትሽ ሰው ነኝ፤ የተበጠሰውን ከተቆረጠው እለያለሁ። ጫፉም ዝገት ጀማምሮታል፤ የዛሬ አይደለም፣ ስድስት ቀን ይሆነዋል።

ይህ ማለት ያለፈውን ሰንበት ከተማው በሙሉ ያለ ሽቦ ነው የዋለው። እናቶች የሕፃን ጋሪ ገፉ፣ አባቶች የጸሎት መጽሐፋቸውን ይዘው ወጡ፤ ሁሉም ሽቦው ከተማውን እንደ አንድ ግቢ አጥሮታል፣ በሰንበት የተከለከለው ዕቃ ይዞ መውጣት ተፈቅዷል ብሎ። ዓርብ ቀትር ላይ በስልክ መልእክቱ የቀዳሁት ደግሞ የእኔው ድምፅ ነው፦ «ሽቦው ደህና ነው፤ ሰላም ሰንበት።» ስንት ሰው ደውሎ እንደሰማው እግዜር ይወቅ።

አምኖን ነው። ሌላ ማን አለ? ባለፈው ወር በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ብድግ ብሎ፣ «በቤቴ አናት ላይ ሽቦ ስትጎትቱ ዝም የምል እንዳይመስላችሁ፤ ፒንሳ እንደሆነ ሱቄ ሞልቷል!» አላለም? መቶ ሰው ሰምቶታል።

መሰላል ላይ ወጥቼ ገጠምኩት።

ኤሉል 7፣ እሑድ

ስለ ልጄ ስለ ኦዳያ። የጋብቻ አገናኟ ሴትዮ ደወለች፤ እነ ረቢ ካልማን እሺ ብለዋል! ሚስቴ ዞሃራ ስልኩን እንደያዘች ለቅሶዋን ለቀቀችው። የእኛ ልጅ፣ የመስመር ሠራተኛው የማኽሉፍ ልጅ፣ ለላይኛው ሰፈር አጥባቂ ጥቁር ለባሾች፣ ያውም ለረቢ ካልማን ቤት! የእኛን የሞሮኮዎቹን ልጆች ትምህርት ቤታቸው እንኳ ቆጥሮ ነው የሚያስገባው፤ ከሃያው አንድ ወይ ሁለት። ኦዳያን ሲቀበሏት አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። «አባትሽ ምን ይሠራል?» ብለው ሲጠይቋት ምን ብላ እንደመለሰች እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ልጃቸው ፊሽል ይባላል። ጨዋ ነው። በግራ ጆሮው አይሰማም፤ በልጅነቱ ታሞ ነው አሉ። ከኛ በፊት ሁለት ቤት ጠይቀው እንቢ ተብለዋል ይባላል። የሰው አፍ መቼ ያርፋል! ሴት ጠፍቶባቸው አይደለም ወደ እኛ የመጡት፤ ኦዳያ አስተዋይ ልጅ ስለሆነች ነው።

ኤሉል 11፣ ሐሙስ

ደግሞ ተቆረጠ። 91ኛው ምሰሶ ጋ።

አምኖን በብረታ ብረት ሱቁ ደጃፍ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል። ሳየኝ ሳቀ።

«ምን ልታዘዝ፣ ቅዱስ አባት? ሽቦ?»

«አንተ የቆረጥከውን የምቀጥልበት።»

«እኔ ብቆርጠው ቆረጥኩት እልህ ነበር። ማንን ፈርቼ? የልጅ ልጄ ድንበር ላይ ጉድጓድ ውስጥ ያድራል፤ የላይኛው ሰፈር ጎረምሳ ግን ወታደር ቤት አልሄድም ብሎ አልጋው ላይ ይገላበጣል። የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው እንጂ ያንተ ሽቦ አይደለም!»

«ሄደህ ለእነሱ ንገራቸዋ። እኔ ሦስት ዓመቴን ከነጭማሪው አገልግያለሁ።»

«አንተማ የእነሱ ኩሊ ሆነህ ቀረህ። መሰላል ትሸከምላቸዋለህ፣ እነሱ ሽቦህን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። ሚስቶቻቸው በሰንበት ጋሪ ሲገፉ አይተሃል? ያንተ ሽቦ ለእነሱ የልብስ ማስጫ ነው።»

ደሜ ፈላ። «አባቴ ከሞሮኮ መጥቶ ከመርከብ ሲወርድ አባቶችህ እንደ ከብት የተባይ ዱቄት ነፉበት፤ አሁን ደግሞ አንተ ኩሊ ትለኛለህ?»

«እኔ ያኔ ጡት እጠባ ነበር፣ አንተ ሰውዬ!»

«ያው የጠባኸው ነው የሚያናግርህ!» ብዬው ሄድኩ። ጥሩ አልኩት።

ማታ ምኩራብ ውስጥ ከበው ጠየቁኝ። «አምኖን ነው» አልኳቸው። ይመስለኛል አላልኩም። ይመስለኛል ማለት ነበረብኝ ይሆን? እንግዲህ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ኤሉል 14፣ እሑድ

የአምኖን ሱቅ መስተዋት ረግፏል። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም «ሰንበት አፍራሽ» ተጽፎበታል። ፖሊስ የጠራው ደግሞ ድንጋይ ወርዋሪዎቹን ሳይሆን እሱን ነው፤ ስለ ሽቦው ሦስት ሰዓት ጠይቀው ለቀቁት። ከምኩራባችን ሰው እሱ ጋ ምስማር የሚገዛ የለም።

እኔ ድንጋይ ወርውሩ አላልኩም። ማንም ሲልም አልሰማሁም።

ሳልፍ መጥረጊያ ይዞ ስብርባሪውን ይጠርግ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና መጥረጉን ቀጠለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኤሉል 16፣ ማክሰኞ

ዘዴ ዘየድኩ። የፍተሻዬን ተራ ገለበጥኩት፤ ከምዕራብ ጀምሬ ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ውኃ ጋኑ ጋ እጨርሳለሁ። ይህን የነገርኩት ራት ላይ ለዞሃራና ለኦዳያ ብቻ ነው። አምኖን የት አባቱ ያውቃል!

ኤሉል 18፣ ሐሙስ

የእጮኝነቱ ሳህን ተሰበረ! ሁለቱ እናቶች አንድ ሳህን በጋራ ይዘው ወለሉ ላይ ለቀቁት፤ እልል ተባለ። ከእንግዲህ መመለስ የለም። የታጨ ከሚፈርስ የተጋባ ቢፋታ ይሻላል ይላሉ ሊቃውንቱ።

ዞሃራ ሁለት ቀን ሙሉ ዓሣ በቅመም ስትሠራ ከረመች። እነ ረቢ ካልማን አንድ ጉርሻ አልነኩም። ከቤታቸው ብርቱካንና ኬክ በራሳቸው የፕላስቲክ ሳህን ይዘው መጡ። የእኛን ወጥ ቤት አያምኑትም። «ሥርዓታቸው ነው፣ ክፋት አይደለም» አልኳት ለዞሃራ። ዓሣውን ሳህን ሙሉ ወደ ድስቱ ስትመልስ ፊቷን አዙራ ነበር።

ረቢ ካልማን አጠገቤ ተቀመጡ።

«ሥራዎ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ይመስገን።»

«ስንት ነፍስ በዚያ ሽቦ ተማምኖ ሰንበትን ይሽራል! የሁሉም ኃጢአት እርስዎ ጫንቃ ላይ ነው።»

ፈገግ ብለው ነው ያሉት። እኔም ፈገግ አልኩ። ምን ላድርግ፣ በልጄ ቀን? ፊሽል ደህናውን ጆሮውን ወደ አባቱ አዘንብሎ አንዲት ቃል ሳታመልጠው ይሰማል። ኦዳያ አንገቷን ደፍታለች። ያፈረችው በእሳቸው ነው ብዬ አሰብኩ።

ኤሉል 20፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ

ጠዋት ወደ ምኩራብ ስሄድ ውኃ ጋኑ ጋ ሽቦው ተንጠልጥሎ አየሁት። ትናንት ስድስት ሰዓት ላይ በእጄ ነክቼው ነበር! ዛሬ ሰንበት ነው፤ መጠገን አይቻል፣ መሰላል መያዝ አይቻል።

አንዲት እናት መንታ ልጆቿን በጋሪ እየገፋች መጣች። «ሰላም ሰንበት፣ አባባ ማኽሉፍ! እጅዎ ይባረክ። ሽቦው ባይኖር ከነዚህ ከሁለቱ ጋር ቤት ውስጥ አብጄ እሞት ነበር።»

«ሰላም ሰንበት» አልኩ። አልነገርኳትም። ሕጉ ነው፤ ሰዎች የማይተዉት ነገር ከሆነ አውቀው ከሚበድሉ ሳያውቁ ቢበድሉ ይሻላል፣ አትንገራቸው ይላል። እኔ ግን አውቄያለሁ። የቤቴ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር። እርምጃ ሳልጨምር አወጣሁትና ከአንድ ድንጋይ ሥር ሸጎጥኩት። ቀኑን ሙሉ ሰው ሁሉ ሸክሙን ይዞ በፊቴ አለፈ፤ ኬክ የያዘ፣ የሽማግሌ ምርኩዝ የያዘ፣ ሕፃን ያዘለ። ሁሉም ሰላም ይለኛል። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔ ውስጥ ግን ሲነቅዝ ዋለ።

አምኖን ውኃ ጋኑ ጋ እንደምጨርስ በምን አወቀ? ተከታትሎኝ ነው። አዎ፣ ተከታትሎኝ ነው።

ኤሉል 24፣ ረቡዕ

ራት ላይ፣ «ዓርብ ባሕር ዛፎቹ ጋ ነው የምጨርሰው» አልኩ።

«ሁለት ሰው ነን እኮ ያለነው፤ ምን ያስጮኽሃል?» አለችኝ ዞሃራ።

ኦዳያ ሾርባዋን ታማስላለች። ቀዝቅዞ ነበር።

ኤሉል 27፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ

ይህን ልጽፈው ወይስ አልጻፈው እያልኩ ሻማው አለቀ። ልጻፈው።

ዓርብ የስልኩን መልእክት ቀድቼ ወደ ቤት መሄድ ሲገባኝ መኪናዬን ከትምህርት ቤቱ አጥር ኋላ አቁሜ፣ ባሕር ዛፎቹ ጋ ከቆሻሻ ገንዳው ጀርባ ተቀመጥኩ። ለምን እዚያ? አምኖንን ልይዝ ነዋ።

ሰንበት ሊገባ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው አንድ ሰው መጣ። የሰንበት ልብስ፣ ጥቁር ባርኔጣ። ከጸሎት ልብሱ ከረጢት ውስጥ ፒንሳ አወጣ። ምሰሶው ላይ ያሉትን መርገጫዎች ይዞ እንደ ድመት ወጣ፤ ሽቦውን ማኘክ ጀመረ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ሲወርድ በግራው በኩል ተጠግቼ ክንዱን እስክይዘው ድረስ አልሰማኝም።

«ፊሽል!»

ፒንሳው ከእጁ ወደቀ። «አባባ ማኽሉፍ…»

«አብደሃል?»

«አላበድኩም። ሽቦዎ ከመጀመሪያውም ሽቦ አይደለም። በመብራት ምሰሶ ላይ የተንጠለጠለ ነገር ግድግዳ ሊሆን አይችልም፤ አባቴ አስተምረውኛል። ሕዝብ በሐሰት ግድግዳ ተማምኖ ሰንበት ሲሽር ዝም ብዬ ልይ?»

«ታዲያ ቆርጠህ ለምን ዝም ትላለህ? አደባባይ ወጥተህ ‹ተቆርጧል› በላ! ሰዉ ሳያውቅ ጋሪ እየገፋ ይወጣል፣ አንተ ቤትህ ዓሣህን ትበላለህ!»

«ሁለት ሦስቴ ከተቆረጠ ማመኑን ይተዋሉ።»

«እዚያ ታች ያለው ሰው ባልሠራው መስተዋቱ ረግፏል!»

ዓይኔን እያየ፣ «እሱ እንደሆነ ሰንበት አያከብርም፤ ምን ይጎዳዋል?» አለኝ። በክፋት አልነበረም ያለው። ከልቡ ነው። እንደዚያ ሲለኝ በጥፊ ላጮለው እጄን አንስቼ ነበር፤ የኦዳያ እጮኛ መሆኑ ትዝ አለኝ።

የሰንበቱ ጡሩንባ ጮኸ። መሰላሉን አመጣሁ። «ያዝልኝ» አልኩት። ያዘልኝ። እኔ ስገጥም እሱ ከታች መሰላሉን ደግፎ ቆመ። ስወርድ ባርኔጣዬን እንኳ አቀበለኝ።

አንድ ነገር ልጠይቀው አፌ ላይ መጥቶ ነበር። አልጠየቅኩትም። ጊዜ አልነበረም።

ቲሽሪ 4፣ ዓርብ

ለዞሃራ ነገርኳት።

«ከሠርጉ በኋላ ትናገራለህ» አለችኝ።

«የማስተሰርያው ቀን ስድስት ቀን ነው የቀረው። በሰው ላይ የሠራሁትን ሰውየው ይቅር ካላለኝ እግዜርም ይቅር አይለኝም።»

«ሳህኑ ተሰብሯል፣ ማኽሉፍ። ልጅህን ማን ያገባታል? ሱቅ ያለው ሰው ሱቅ አለው፤ ልጄ ግን ምን አላት?»

ትክክል ናት። ትክክል አይደለችም። ሽቦው በዚህ ሳምንት አልተቆረጠም።

ቲሽሪ 8፣ ማክሰኞ

አምኖን ሱቅ ገባሁ። መደርደሪያው ግማሹ ባዶ ነው። በር ላይ «የሚሸጥ» ይላል።

«ጾሙ ሳይገባ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አልኩት።

«ለምኑ?»

«በዓመቱ ውስጥ ላስቀየምኩህ ሁሉ።»

«ይሄማ ጅምላ ነው። እኔ ጋ በጅምላ አይሸጥም። በስሙ ጥራው።»

ኦዳያ በነጭ ልብስ ታየችኝ።

«አየህ!» አለ። «ስትከሰኝ ስሜን መቶ ሰው ፊት ጠራኸው። አሁን ሁለታችን ብቻ ሆነን ምላስህ ታሰረ።»

«ሱቁን ማን ሊገዛው ነው?»

«የካልማን ማኅበር። የሃይማኖት ማስተማሪያ ቤት ሊያደርጉት። ከዚያ በኋላ ፒንሳ ስትፈልግ እነሱን ጠይቃቸው።»

የሚያውቅ መሰለኝ። አያውቅም። ዝም ብሎ ነው ያለው።

ቲሽሪ 10፣ ጾሙ ከወጣ በኋላ

ውኃ ብቻ ነው የጠጣሁት፤ ሌላ አልወርድልህ አለኝ።

ትናንት ማለዳ ወደ ኦዳያ ክፍል ገባሁ። ከሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ትስማ ብዬ። «ልጄ፣ ዛሬ ማታ ምኩራብ ውስጥ እውነቱን ልናገር ነው። ሽቦውን የቆረጠው…»

«አውቃለሁ፣ አባባ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«በየትኛው ሰዓት የት እንደምትጨርስ እኔ ነኝ የነገርኩት።»

አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ራት ላይ ለምን እንደጮኽኩ፣ ገንዳው ጀርባ ለምን እንደተቀመጥኩ ያን ጊዜ ለራሴ አመንኩ።

«ምን በደልኩሽ?»

«ምንም። ሽቦው ቶሎ ቶሎ ከተቆረጠ ምክር ቤቱ ይሰለቸዋል፣ አንተም ሥራውን ትተዋለህ ብዬ ነው። ልጆች ስወልድ አያታችሁ ምን ይሠራል ሲሏቸው…»

«መሰላል ይሸከማል ይበሏቸዋ!»

«እዚያ ቤት እሱ ስድብ ነው፣ አባባ! አንተ አንድ ማታ ነው የተቀመጥከው። እኔ ትምህርት ቤታቸው ስምንት ዓመት ተቀምጫለሁ።» አለቀሰች። እኔም ተነስቼ ወጣሁ። ልትማታ የመጣች ያህል ሸሸኋት።

ማታ ምኩራቡ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሁሉም ነጭ ለብሷል። ጸሎቱ ሳይጀመር ፈቃድ ጠይቄ ቆምኩ።

«ሽቦውን የቆረጠው አምኖን አይደለም። ስሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ማን ነው?» አለ አንዱ ከኋላ። «ስሙን በል!»

ፊሽል ካልኩ፣ ለፊሽል ማን ነገረው ይላሉ። ከዚያ ቤት ደግሞ አንድም ሰው ለኦዳያ ዋሽቶ አይሸፍንላትም።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ምክር ቤቱ ሥራዬን ሊያጥፈው ነው ሲባል ሰምቼ፣ ያለ እኔ እንደማይሆን ይወቁ ብዬ።» ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ውሸት ሲጠሩት ቶሎ ይደርሳል።

አንዱ «ተፋበት!» አለ። ሌላው «ከእነሱ ምን ይጠበቃል» አለ፤ ከእነሱ ሲል ሞሮኮዎቹን ነው። ሃያ አምስት ሰዓት በጾም አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶውን ዋለ። በማስተሰርያ ዋዜማ፣ በመቅደስ ውስጥ፣ ዋሸሁ።

ቲሽሪ 11፣ ዓርብ

ከምክር ቤቱ በስልክ ነው ያሰናበቱኝ። ቁልፉንና መሰላሉን መልስ አሉ።

ከሰዓት አምኖን በሬን አንኳኳ። ግባ ብለው አልገባም።

«ምኩራብ ያልከውን ነገሩኝ። ውሸታም ነህ።»

«ስምህን አጥቤልሃለሁ።»

«ቆረጥኩት ያልከውን ጫፍ ፖሊስ አሳይቶኛል። ሃያ ስድስት ዓመት ሽቦ የያዘ እጅ እንደዚያ አያኝክም። መጀመሪያ በእኔ ዋሸህ፣ አሁን በራስህ ዋሸህ። እኔ የጠየቅሁህ እውነቱን ነበር፤ እሱን ስጠኝ ስልህ አንተ ራስህን መሥዋዕት አድርገህ ሰጠኸኝ። ምን ያደርግልኛል? ይቅርታ ከፈለግህ ከላይኛው ሰፈር ጠይቅ!»

ደረጃውን ሲወርድ መብራቱን እንኳ አላበራሁለትም።

ቲሽሪ 13፣ እሑድ

አገናኟ ደወለች። እነ ረቢ ካልማን አፍርሰዋል። «የሰንበት ሽቦ የሚቆርጥ ሰው ዘመዳችን ሊሆን አይችልም» ብለዋል። ቃል በቃል።

«ፊሽልስ?» አልኳት። «ፊሽል ምን አለ?»

«ፊሽልማ ምን ይላል? አባቱ ተናግረዋል።»

ዞሃራ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ኦዳያ ግን አላለቀሰችም። ፊቷ ነጭ ሆኖ መጣችብኝ።

«ማን ዋሽልኝ አለህ?»

«ላድንሽ ብዬ…»

«አዳንከኝ? እውነቱን ብትናገር የሚያፍሩት እነሱ ነበሩ! አሁን እሱ ጻድቅ ሆኖ ቁጭ አለ፤ እኔ የሽቦ ቆራጭ ልጅ ሆንኩ። ስምንት ዓመት ከዚህ ስም ስሸሽ አንተ በአንድ ማታ ግንባሬ ላይ ለጠፍከው!»

የራሴ ልጅ ናት።

ቲሽሪ 14፣ ሰኞ

ለዳስ በዓል ሰገነት ላይ እንጨት እየመታሁ ሳለ ኦዳያ ከቤት ስትወጣ አየኋት። ቁልቁል ወረደች። አምኖን ሱቅ በር ላይ ቆማ ብዙ ካመነታች በኋላ ገባች። መዶሻውን አስቀምጬ ጠበቅሁ።

ስትመለስ ኩሽና ውስጥ አገኘኋት።

«ነገርኩት» አለችኝ። «ፊሽል እንደቆረጠ፣ የመራሁት እኔ እንደሆንኩ። ከፈለግህ ለከተማው ሁሉ ንገር አልኩት።»

«ምን አለሽ?»

«ለማንም አልነግርም አለ። የፈለግኩት ከእናንተ ቤት አንድ ሰው መጥቶ እንዲነግረኝ ብቻ ነበር አለኝ። ወንበርም አምጥቶ አስቀመጠኝ።»

«ይቅርታ አደረገልሽ?»

«ለእኔ፣ አዎ» አለችና ውኃዋን ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች።

ስለ እኔ አልጠየቅኳትም። እሷም አልነገረችኝም።